ከኋላ የምትቀመጠዋ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ለታላቅ እህቴ፤

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። ተቀመጪ፤ አጠገብሽም ውኃ ይኑር። ላለፉት ሃያ ዓመታት ያለ ተቀናቃኝ ይዤው የኖርኩት የብቸኛ እህትነት ማዕረግ ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፖስተኛው ደብዳቤሽን በሰጠኝ ቅጽበት፣ በድንገት ማረፉን የማስታውቅሽ በታላቅ ሐዘን ነው። የሞቱ ምክንያት ዳቦ ጋጋሪ ናት። ሟች አንዲት እናት፣ አንድ ካውያና አንቺን ትቶ አልፏል።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንደምን ከረምሽ? ስፌቱ እንዴት ነው? የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፊ ኪሱን ሰፋ አድርጊላቸው፤ ልጆቹ ኋላ ያመሰግኑሻል። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ እንደ ድሮው ያማታል፣ እሷም እንደ ድሮው አላመመኝም ትላለች። ትጠይቀኛለች ወይ ላልሽው፣ ትጠይቃለች። «በልታለች?» ትላለች። ከዚያ ሌላ ነገር መጠየቅ ሲያምራት ተነስታ ሳህን ታጥባለች። የታጠበ ሳህን።

ስልክ ላይ አታስጨርሺኝም፣ ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን ያልሽውንም ተቀብያለሁ። ሐቅ ነው፤ አንቺ አንድ ቃል እስክታወጪ እኔ ሦስት ቀልድ እጨርሳለሁ። ወረቀት ግን ጉዴን ያወጣዋል። ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ነጠላ ሰረዝ ማለት እንደ በርበሬ ነው፤ እፍኝ ሙሉ እበትናለሁ፣ ለጣዕሙ እግዜር ያውቃል።

አልተቆጣሁም። እንዴት እቆጣለሁ? ያን እሑድ አባ ከቅዳሴ በኋላ የጳጳሱን ደብዳቤ ሲያነቡ አጠገብሽ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። «በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን ሰው የተጎዳ ካለ ይምጣ፤ እንሰማዋለን፣ እናምነዋለን» ሲሉ ተነስተሽ ወጣሽ። በሳምንቱ ሻንጣሽን አንስተሽ ወደ ሲስተሮቹ ከተማ፣ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ። በር ላይ ለእማዬና ለእኔ የተውሽልን ሦስት ቃል ነው፦ «የመዘምራኑ አስተማሪ ነው።» በቃ። አሁን አምስት ወሩ። በየቅዳሜው ሰባት ሴቶች ከሲስተር ጋር ክብ ሠርታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ትናገሪያለሽ፣ ትናገራላችሁ። ስድስት ሴትና አንዲት መነኩሲት ሁሉንም ሰምተዋል። እኔ ሦስት ቃል። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ባደግንበት፣ እግርሽን በረዶ በረዶ እያለ በሆዴ ሳሞቅ በኖርኩበት፣ ሦስት ቃል።

እሺ፣ እሱንም ዋጥኩት። አሁን ደግሞ ኅዳር 18 የጳጳሱ ሦስት አጣሪዎች ፊት ስትቀርቢ አንድ ሰው ከኋላሽ እንዲቀመጥ ይፈቀዳል ትይኛለሽ። ሥራው መቀመጥ ነው። አይናገርም፤ ካልጠየቅሽው አይነካሽም፤ ስትወጪም ምን አሉሽ አይልም። ይህን ከባድ ሙያ ለማን ሰጠሽው? ለዳቦ ጋጋሪዋ። እኔ መቀመጥ አልችልም? ከተወለድኩ ጀምሮ ያለ ማንም እርዳታ ስቀመጥ ነው የኖርኩት።

ቀንቻለሁ ወይ? ካውያዬን ጠይቂው። ዛሬ የሰው ሱሪ ላይ ትቼው አንቺን ሳስብ እንፋሎቱ ጣሪያ ነካ።

ሟች
ቁንጫ


ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ለቁንጫዬ፤

መርዶሽ ደርሶኛል። ነፍሱን ይማረው፤ ብዙ ያወራ ነበር።

ደህና ነኝ። እበላለሁ፤ ለእማዬ ንገሪያት። እንቅልፌ ካለፈው ወር ይሻላል። ያለፈው ደብዳቤዬ የዘገየው ያን ሳምንት እጄ አልጽፍ ብሎኝ ስለነበር ነው። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ይቅርታ።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ዳቦ ጋጋሪዋ አንቱ የሚባሉ ሴት ናቸው፤ ልጆቻቸው ካንቺ ይበልጣሉ። ዳቦ ቤታቸው ከሲስተሮቹ በር ፊት ለፊት ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ በሩ ድረስ መጥቼ መግባት አቃተኝ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ለሲስተሮቹ ዳቦ ሊያደርሱ ሲመጡ አዩኝ። ምን ሆንሽ አላሉም። ትሪውን ጭናቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። ዳቦው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጡ። ከዚያ «እንግባ ወይስ እንሂድ?» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት እንግባ ወይስ እንሂድ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ገባሁ።

እስከ ዛሬ አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሲስተርም እንደዚሁ ናቸው። ይቅር በይ እስካሁን አላሉኝም። ጸልዪበት እንኳን አላሉኝም። «ጸሎቱን እኛ እንይዝልሻለን፣ አንቺ ሲቻልሽ ትመጫለሽ» ነው ያሉኝ። አሁን አልፎ አልፎ ቅዳሴ ላይ በኋለኛው በር በኩል እቆማለሁ። መዝሙር ሲጀመር እወጣለሁ፤ ማንም ዞሮ አያየኝም።

አንቺን ያልመረጥኩት ስለማልወድሽ አይደለም። አንቺ ፊቴን ታነቢያለሽ። ጥላ ካየሽበት ታስቂኛለሽ፤ እኔ ደግሞ እስቃለሁ፤ ሳቅ ስጀምር ማውራቱን እተወዋለሁ። እንዲህ እየሳቅን ነው አስራ ሁለት ዓመት ያለፈው። ያን ቀን መተው አልፈልግም።

በተለየ ወረቀት የጻፍኩልሽን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። እማዬ አታየው። መልሱ ምንም ቢሆን ጻፊልኝ፤ ቀልድ ሳትጨምሪበት።

እህትሽ


ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ለታላቅ እህቴ፤

ወረቀቱን የላውንደሪያችን ልብስ ማስጫ ሰገነት ላይ ወጥቼ፣ ሁለት እርጥብ አንሶላ መሐል ቆሜ አነበብኩት። ማንም አላየኝም።

መልሱ፦ አይደለም። አልነካኝም። አንድም ቀን።

ለምን እንዳልነካኝ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሳላውቅ የኖርኩት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። መዘምራን በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት እማዬን «ድምፅዋ የዛገ የበር ማጠፊያ ነው፣ ታሳፍረኛለች፣ ካላስወጣሻት እኔ እወጣለሁ» አልሻት። እማዬ አስወጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ረግሜሻለሁ መሰለሽ። ብቻሽን የምትዘምሪው አንቺ። ነጭ ቀሚስ የምትለብሺው አንቺ። ከረሜላ የሚሰጥሽ፣ እስከ ቤት የሚሸኝሽ አንቺን። እኔ አፍንጫዬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ መንገዱን አያለሁ። «ለምን እኔን አይመርጠኝም» ብዬ አልቅሻለሁ፤ ትራስሽ ላይ ነው ያለቀስኩት፣ እንዲርስብሽ።

በዚያ ነው ስቀናብሽ የኖርኩት። በዚያ።

እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጬ ስድስት ሸሚዝ ተኩሼ መጣሁ።

ቀልድ አትጨምሪ ብለሻል፣ መልሱ ግን አልቋል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሌላ ደብዳቤ ነው ብለሽ ቁጠሪው። የጠበቃው ሚስት ባለፈው ሳምንት ሰኞ ልብስ ልታስገባ መጣች። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ «አስራ ሁለት ዓመት ዝም ብላ አሁን ምን ተገኘ?» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለአለቃዬ፣ እኔ በጆሮ ፋንታ መስቀያ ያለኝ ይመስል። እመት እንፋሎት (አለቃዬ ናቸው፤ ስማቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ) ደረሰኟን ጻፉላት። እኔ የሌሊት ልብሷን አራት ዙር ስታርች አጠጣሁት። ሲደርቅ ብቻውን ቆመ። አንገቱ ላይ ኮፍያ ብናደርግለት ለጥበቃ ይቀጠር ነበር። ትናንት መጥታ ስትወስደው እመት እንፋሎት ራሳቸው በወረቀት ጠቅልለው «አዲስ አሠራር ነው» አሏት።

ድምፄ ግን እውነት የዛገ ማጠፊያ ነው? ይህን በተለየ ወረቀት።

ለዳቦ ጋጋሪዋ ሰላምታ አልልክም። ደረጃ ላይ መቀመጥ ምን ሙያ ነው? እኔ ብሆን እዚያው ቤት ሠርቼልሽ ነበር። ለመሆኑ ዳቦ ቤቱ ከበሩ ፊት ለፊት ነው አላልሽም? ዝም ብዬ ነው። አድራሻ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ፤ ሰው ቴምብር ይሰበስብ የለ።

ቁንጫ


ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ለእህቴ፤

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪዋ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ ፖስታ ይዘው መጡ። አንቺ የማታውቂው አንድ ነገር አለ፤ ማንበብ አይችሉም። ከልጆቻቸው የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ቀደድኩት፤ እንደ ወትሮው ጮክ ብዬ ጀመርኩ። «እናቴ፣ የኅዳር 18ቱ ቀጠሮ ወደሚቀጥለው ወር ተዛውሯልና በከንቱ እንዳይደክሙ። በዕለቱ የሚቀመጥልኝ ሌላ ሰው አግኝቻለሁ።» ከሥሩ ስሜ። ፊርማዬ። የገዛ እጄ ጽሑፍ።

እሳቸው ትንሽ አሰብ አድርገው «ልጄ፣ ፊት ለፊቴ ቆመሽ ለምን ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ?» አሉኝ።

ሳቅሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ሳቅሁ። የእማዬን ፊርማ ለትምህርት ቤት ስትፈርሚ የሠለጠነ እጅ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እሱም በስሜ ይጽፍ ነበር። «እማዬ፣ ዛሬ ልምምድ ስላለ እዘገያለሁ፣ አታስቢ።» እጄን አጥንቶ፣ በደብተሬ ወረቀት ላይ። አብራኝ የምትዘምር ልጅ ለእማዬ ታደርሰዋለች። ቤት ስገባ እማዬ «መልእክትሽ ደርሶኛል» ትለኛለች፤ እኔም ዝም እላለሁ። ምን እላለሁ? ጽሑፉ የእኔ ነው። ኋላ ኋላ እኔ ራሴ ጽፌው ይሆን እንዴ እያልኩ እጠራጠር ነበር። ይህን ለክቡ ለመናገር አራት ወር ፈጅቶብኛል።

ይህን እንደማታውቂ አውቃለሁ። በቅናት እንደሆነም አውቃለሁ፤ ክፋት የለብሽም። ግን በአፌ ገብተሽ ተናግረሻል። ከሰው ሁሉ አንቺ።

ለጊዜው አትጻፊልኝ።


ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ለእህቴ፤

አትጻፊ ብለሻል። ይህን የላክሁት ለሲስተር ነው። ብትፈልጊ እንዲሰጡሽ፣ ባትፈልጊ እሳቸው ዘንድ እንዲቀር ጠይቄያቸዋለሁ። ካላነበብሽው አይከፋኝም። ይከፋኛል፤ ግን የእኔ ጉዳይ ነው።

ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ሲቀሩ እኔ ከበሩ ላይ ብቅ ብዬ ልቀመጥልሽ ነበር። የአውቶቡስ ትኬት ቆርጬ ነበር። የምትደሰቺ መስሎኝ ነበር። ማንም ሳይኖር ቆመሽ፣ ሰዓቱ ደርሶ፣ ወንበሩን ባዶ ሆኖ ስታዪው አልታየኝም። የታየኝ እኔ ስገባ ብቻ ነው። ሌላ ማስተባበያ የለኝም። ይቅር በይኝም አልልሽም፤ ሲስተር ያላሉሽን እኔ ልልሽ አልችልም።

ሌላው ጉዳይ ይህ ነው። ይህንንም ሳላስፈቅድሽ ነው ያደረግሁት፤ ሁለተኛ ጥፋት አድርገሽ ያዢው። ደብዳቤሽን ለእማዬ አላነበብኩላትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፦ «ድሮ ልምምድ ሲኖር ይመጡ የነበሩትን ወረቀቶች ታስታውሻለሽ?»

ሳህን ልታጥብ ተነሳች ብዬ ሳስብ መኝታ ቤት ገብታ የጥምቀት ወረቀቶቻችንን የምታስቀምጥበትን ቆርቆሮ ሣጥን ይዛ መጣች። አስራ አራት ናቸው። በክር አስራቸዋለች። ለምን አስቀመጥሻቸው ስላት «የልጄ ጽሑፍ አይደል» አለች።

ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ ዋሽቼ አውቃለሁ፣ ያን ጊዜ ግን ፊቴ አልዋሸም መሰለኝ። የሰባተኛ ክፍል ደብተርሽን ራሷ አወጣች። ወረቀቱን ከደብተሩ አጠገብ አስቀምጣ ጣቷን ከአንዱ ወደ አንዱ ስትወስድ፣ ስትመልስ፣ ስትወስድ ብዙ ቆየች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ የተቀበልኩት፤ በእጄ» አለች። ማታ ራት አቀረበች፤ ሁለታችንም አልበላንም።

ዛሬ ጠዋት «ልምጣ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አለችኝ። ጠይቄላታለሁ።

ወረቀቶቹ እኔ ዘንድ ናቸው። ለአጣሪዎቹ ይጠቅሙ ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ግን ላኪ ካላልሽኝ አልልክም። አቃጥዪ ብትይ አቃጥላለሁ። አስቀምጪ ብትይ አስቀምጣለሁ። ምንም ባትዪ ምንም አላደርግም።

እህትሽ


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ለእህቴ፤

ሲስተር ከክቡ በኋላ ጠሩኝና ፖስታውን ሳያሳዩኝ «ከእህትሽ የመጣ ነገር አለ፤ ትፈልጊዋለሽ ወይስ ልያዘው?» አሉኝ። አንቺ ነሽ እንዲህ እንዲጠይቁኝ ያደረግሽው። ሁለት ሰዓት ካሰብኩ በኋላ አምጡት አልኳቸው።

ወረቀቶቹን ላኪያቸው። በአባ እጅ ይሁን፤ ማክሰኞ ወደዚህ ይመጣሉ። ክሩን አትፍቺው።

እማዬ አትምጣ። ገና ነው። ግን ጠየቀችኝ መባሉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ይህን ንገሪያት። ደግሞ ጥፋቱ የእጇ እንዳልሆነ ንገሪያት። የቀረውን እኔ ራሴ እስክነግራት ድረስ አንቺ ያዢልኝ።

አንቺም አትምጪ። ከኋላዬ የሚቀመጡት ዳቦ ጋጋሪዋ ናቸው። ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ፤ ቅር ይበልሽ። እኔን ለማስደሰት ብለሽ ደህና ነኝ አትበዪኝ።

ይቅርታዬን አልጨረስኩም። ጀምሬዋለሁ።

ድምፅሽ የዛገ አልነበረም። ጥሩ ነበር። እሱም ብሎት ነበር፤ ለዚህ ነው ያስወጣሁሽ።

እህትሽ


ኅዳር 19፣ ዓርብ

ለታላቅ እህቴ፤

ምን አሉሽ አልልም። (እየሞትኩ ነው። ግን አልልም።)

ወረቀቶቹን አባ ተቀብለውኛል። ሲቀበሉኝ በሁለት እጃቸው ነው የያዟቸው፣ ጽዋ እንደሚያዝ። ምንም የሚያጽናና ነገር አልተናገሩም፤ እሱን ወደድኩላቸው። የመዘምራኑ ክፍል በር ወልቆ በመስታወት በር ተቀይሯል፤ ልምምድ ሲኖር ሁለት እናቶች ውስጥ ይቀመጣሉ። አንዷ የጠበቃው ሚስት ናት። አዎ፣ እሷው። ማን እንደጠየቃት አላውቅም። ሹራብ እየሠራች ትቀመጣለች፣ ሌባ እንደሚጠብቅ ሰው። የስታርቹን ነገር መናዘዝ ይኖርብኝ ይሆን እያልኩ ነው።

ለእማዬ የላክሽውን ነግሬያታለሁ፤ ሁለቱንም፣ ቃል በቃል፣ ከራሴ ምንም ሳልጨምር። ሳህን አላጠበችም። ወደ ደጅ ወጥታ ብዙ ቆመች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ራት ግን በላች።

ትናንት ሦስት ሰዓት ሲሆን የመሠዊያውን ጨርቆች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁ። ካንቺ ኋላ መቀመጥ ካልተፈቀደልኝ ስድስት ሰዓት መንገድ ወደ ኋላ ርቄ ዝም እላለሁ ብዬ ለራሴ ወስኜ ነበር። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት አንድ ቃል አልወጣኝም። ሥራ ቤቱ ተሸበረ። አንዷ ተኳሽ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ሌላዋ «ጥርሷን ነው» አለች። እመት እንፋሎት የሎሚ ውኃ አመጡልኝና አጠገቤ ቆመው «ማን ሞተብሽ?» አሉ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። እሳቸውም ካውያ አንስተው ከጨርቁ ማዶ ጫፍ ይተኩሱ ጀመር፤ ዝም ብለው። ሁለታችን መሐል ላይ ተገናኘን።

ዝም ማለት እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ወገቤን ነው ያመመኝ።

ቅር ብሎኛል። ደህና ነኝ አትበዪኝ ስላልሽ ነው። ሴትዮዋ ከኋላሽ ሆነው ትከሻሽን ሲያዩ፣ ጸጉርሽን እንዴት እንደሠራሽው ሲያዩ፣ እኔ የሰው ጨርቅ አያለሁ። ዓይኔ ደም ለብሷል። ግን ዝም ብዬ ቀናሁ፤ እጄን አላስገባሁም።

ቁንጫ


ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ለቁንጫዬ፤

ተናገርኩ። ሦስት ጊዜ አቋረጥኩ፣ ሦስት ጊዜ ቀጠልኩ። ከሦስቱ አጣሪዎች አንዷ ሴት ናት። የታሰሩትን ወረቀቶች «ልፍታቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፍቺያቸው አልኳት። አራተኛው ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ አነበበች እንጂ አልጻፈችም። የቀረውን የምነግርሽ ቀን ይኖራል፤ ዛሬ አይደለም። ውሳኔው ወራት ይፈጃል አሉ። እስከዚያ ድረስ ሰውየው የትም ቤተ ክርስቲያን ልጆች አጠገብ አይደርስም፤ ይህ በጽሑፍ ተሰጥቶኛል። ለፖሊስም አመለክታለሁ፤ ቀኑን የምመርጠው እኔ ነኝ፣ ሲስተር አብረውኝ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ቀናሽባቸው ዳቦ ጋጋሪ ልምጣ፤ እውነቱን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ተኙ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ሲጋግሩ ያደሩ ሴት ናቸው። ክፍሉ ሞቃት ነው፣ ወንበሩ ባለ መደገፊያ ነው። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ባቋረጥኩበት፣ ማንም በማይተነፍስበት ሰዓት፣ ከኋላዬ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። አጣሪዎቹ ተያዩ። ከአጣሪዎቹ አንዱ፣ ካህኑ፣ ሊቀሰቅሳቸው ብድግ ሲል «ይተዉዋቸው» አልኩት። ለአንድ ባለሥልጣን ተዉ ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ተቀመጠ።

የሚገርምሽ፣ ከዚያ በኋላ ቃሉ ቀለለኝ። እኔ ያን ነገር ባፌ ያወጣሁት ቀን ሰማይ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። አወጣሁት፤ ከኋላዬ አንዲት የደከማቸው ሴት ተኝተዋል። ሰማዩ እዚያው ነው።

ስንወጣ «እንዴት ነበርኩ?» አሉኝ፤ ምንም እንዳላመለጣቸው ሁሉ። በጣም ጥሩ ነበሩ አልኳቸው። አልዋሸሁም።

በወሩ መጨረሻ ነይ። ወደ ክቡ አይደለም። ወፍራም ካፖርት ልገዛ ነው፤ ሻጩን በዋጋ የሚያደክምልኝ አፍ እፈልጋለሁ፤ እዚህ አካባቢ እንዳንቺ ያለ አላገኘሁም። እሳቸውም አብረውን ይመጣሉ። እማዬን ደግሞ ከጥምቀት በኋላ፣ እሺ ካለች።

እህትሽ


ኅዳር 28፣ እሑድ

ለታላቅ እህቴ፤

እመጣለሁ። እመት እንፋሎት ሦስት ቀን ፈቅደውልኛል። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ካፖርት» አልኳቸው፤ «ለካፖርት ሦስት ቀን?» አሉ፤ «ወፍራም ነው» አልኳቸው።

ለእማዬ ነገርኳት። እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም፤ የጉዞ ጫማዋን ግን ለጫማ ሠሪ ሰጥታለች። ምንም አልተናገርኩም። አየሽ፣ እየተሻሻልኩ ነው።

ለዳቦ ጋጋሪዋ ሰላምታ አቅርቢልኝ። ደብዳቤ ልጽፍላቸው አስቤ ነበር፤ አንቺው ጮክ ብለሽ እንደምታነቢው ትዝ አለኝና ተውኩት። ስመጣ በቃሌ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለዚያች የውሸት ደብዳቤ። ከፈቀዱልኝ እጃቸውን እስማለሁ። ከዚያ በገበያው መሐል አንቺ ቀኝ እሳቸው ግራ ሆናችሁ ስትሄዱ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ፤ ወይ መሐል እገባለሁ፤ እንደ ጸባዬ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ አራት ቀን ሆነኝ። «ተኙ» የሚለውን ቃል ባየሁ ቁጥር ካውያዬን ማስቀመጥ አለብኝ፤ አንድ አንገትጌ ተቃጥሏል። የአንቺ ነገር ትልቅ ነው፤ የእሱ ልክ ገና አልገባኝም፣ ስትነግሪኝ ይገባኛል፣ ባትነግሪኝም እቀመጣለሁ። የእኔው ግን፣ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ፣ የሰው ስም ያስሰረቀኝ፣ እህቴን ሊያሳጣኝ የነበረው ነገር፣ ዘርግቼ ሳየው ይቺው ናት፦ አንዲት የደከማቸው ሴትዮ ወንበር ላይ ተኝተው ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚያ ወንበር ነው የቀናሁት። ትንሽ ነገር ነበረች።

ቁንጫ